ኤጲስ ቆጶስ፣ ቴሌስኮፕ እና የተሳቀባት ጓደኛችን

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው። ከመካከላችን አንዷ ለዜና አንባቢነት ሥራ ፈተና ቀርባ፣ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ የተሰጣትን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስታነብ «ፎቶግራፊ» የሚለው ቃል ላይ ደረሰች። እሷም እንደለመደችው፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንደለመድነው፣ «ፎቶ» ብላ ቆም አለችና «ግራፊ» ስትል ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ፈታኞች ተያዩ። አንደኛው ሳቁን መዋጥ አቃተው። «ፈቶግረፊ ነው የሚባለው የኔ እህት!» አላት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበበች እስከ ዛሬ አታውቀውም። ሥራውንም አላገኘችም።

ማታ ተሰብስበን ስትነግረን እኛም ሳቅን። (ይቅር በይን እህታችን፣ አነጋገርሽ ነው ያሳቀን።) ሳቁ ሲያባራ ግን አንድ ጥያቄ መሀላችን ቁጭ ብሎ ቀረ። ለመሆኑ ይሄን ቃል መጀመሪያ የገጣጠሙት ሰዎች የት ላይ ነው የገጣጠሙት? ጥያቄውን ተከትለን ሄድን፣ ሄድን፣ ሄድን። ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተነስተን፣ ሳናስበው አክሱም ደረስን። መንገዱን እንንገራችሁ።

ብርሃን ሲጽፍ

«ፎቶግራፊ» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። «ፎስ» ብርሃን ማለት ነው፤ «የብርሃን» ሲባል «ፎቶስ» ይሆናል። «ግራፌይን» ደግሞ መጻፍ ወይም መሣል ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ በብርሃን መጻፍ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ያስተዋወቀው ሳይንቲስቱ ጆን ኸርሼል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1839 ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ተጠቅሞበታል። ያን ጊዜ ግሪኮች ራሳቸው ካሜራ አልነበራቸውም። አውሮፓውያን አዲስ ነገር በፈጠሩ ቁጥር ስም ፍለጋ ወደ ጥንቱ ግሪክኛ ጓዳ መግባት ልማዳቸው ስለነበር ነው።

እንግዲህ መጋጠሚያው ግልጽ ነው፤ ፎቶ-ግራፊ። ጓደኛችን ያቆመችው እዚያው ላይ ነበር!

ታዲያ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ምን ነካው? የነካው የገዛ ምላሱ ነው። በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ቃል ሲነገር አንዱ ክፍለ ቃል በኃይል ይረገጣል፤ ሌሎቹ ይደበዝዛሉ። የሚረገጠው ቦታ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። «ፎቶግራፍ» ሲሉ የሚረግጡት «ፎ»ን ነው። «ፎቶግራፊ» ሲሉ ግን ርግጫው ወደ «ቶ» ይዘላል። «ፎቶግራፊክ» ሲሉ ደግሞ «ግራ» ላይ ይወጣል። «ቶ» ስትረገጥ ጎረቤቷን «ግ»ን ጎትታ ወደ ራሷ ትወስዳለች፤ «ግራፍ» የሚለው ሥር አንገቱ ይቆረጣል። ስለዚህ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ቃሉን ሲከፋፍለው «ፎ-ቶግ-ራ-ፊ» ያደርገዋል። «ባዮግራፊ»ም «ባይ-ኦግ-ራ-ፊ» ይሆናል። «ዲሞክራሲ» በግሪኩ «ዴሞስ» (ሕዝብ) እና «ክራቶስ» (ሥልጣን) ነበር፤ በአሜሪካው አከፋፈል ግን «ዲ-ሞክ-ራ-ሲ» ሆነ። «ሞክ» ሕዝብም አይደለም፣ ሥልጣንም አይደለም፤ ሁለቱን ሰብሮ የወጣ ሦስተኛ ወገን ነው። (ፖለቲካ እያወራን አይደለም፣ ስለ ክፍለ ቃል ነው።)

ስለዚህ አንድ ቃል ሁለት መቁረጫ አለው ማለት ነው። አንዱ አፍ የሚቆርጥበት ነው፤ ሌላው ትርጉሙ የተጋጠመበት። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም። ይህንን ጉዳይ አንስቶ እንደ አገር ጉዳይ የተሟገተበት ሰው ደግሞ በኛ ዕድሜ የነበረ አንድ መምህር ነው።

የዌብስተር አብዮት

ኖህ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1758 ኮነቲከት ውስጥ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1783፣ ብሪታንያ በፓሪስ ውል የአሜሪካን ነፃነት በተቀበለችበት በዚያው ዓመት፣ ለልጆች ማንበብና ፊደል አጻጻፍ ማስተማሪያ የሚሆን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በኋላ በሰማያዊ ሽፋኑ ታወቀ፤ በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ልጆች የሚማሩት ቶማስ ዲልወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመው መጽሐፍ ነበር። ዌብስተር ጦርነቱ በመሣሪያ ካለቀ በኋላ በፊደል መቀጠል አለበት ብሎ ያምን ነበር። የራስ መንግሥት ያለው ሕዝብ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ መጽሐፍ ያስፈልገዋል ባይ ነው።

ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ የድሮዎቹ መጻሕፍት ቃላትን የሚከፋፍሉበት መንገድ ነበር። አከፋፈሉ ከላቲን የተወረሰ ነው፤ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ ተነባቢ ለሚከተለው አናባቢ ይሰጣል። በዚህ ሕግ ዘለላ ማለት የሆነው «ክላስተር» «ክሉ-ስተር»፣ ልማድ ማለት የሆነው «ሃቢት» «ሃ-ቢት»፣ የአፍንጫ ቀዳዳ የሆነው «ኖስትሪል» «ኖ-ስትሪል»፣ ጳጳስ ማለት የሆነው «ቢሾፕ» ደግሞ «ቢ-ሾፕ» ተብለው ይከፈሉ ነበር። አራቱም የዌብስተር የራሱ ምሳሌዎች ናቸው። ክርክሩ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ በአናባቢ የሚያልቅ ክፍለ ቃል ተስቦ ይነበባል። እንግዲህ «ቢ-ሾፕ» ተብሎ የተከፈለለት ልጅ ምን ብሎ ያነባል? «ባይ-ሾፕ»! ጳጳሱን ሱቅ ላከው ማለት ነው። ስለዚህ አለ ዌብስተር፣ አፍ በሚቆርጥበት እንቁረጥ፤ «ክላስ-ተር»፣ «ሃብ-ኢት»፣ «ኖስ-ትሪል»፣ «ቢሽ-ኦፕ»።

አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1828 ታላቁ መዝገበ ቃላቱ ሲወጣ ዕድሜው ሰባ ነበር፤ የሱን ስም የያዙት የአሜሪካ መዛግብተ ቃላት እስከ ዛሬም በዋናነት በአነጋገር ነው የሚከፋፍሉት። እንግሊዞች ግን ሥሩን እያዩ መቁረጥን ቶሎ አልተዉም። ሆራስ ሃርት ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመው ደንብ፣ የቃሉ አመጣጥ ግልጽ በሆነበት ቦታ መስመር መጨረሻ ላይ ሲቆረጥ አመጣጡን ተከትሎ እንዲሆን ይመክር ነበር። በዚህ መንገድ «ባዮ-ግራፊ» ነው፤ ሥሩ አይነካም።

ዌብስተር መጽሐፉን ባሳተመ ልክ በሁለት መቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ፍራንክሊን ሊያንግ የተባለ ተማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ኮምፒውተር ቃላትን እንዴት መቁረጥ እንዳለበት የሚያስተምር ዘዴ ሠራ። ዘዴውን ያሠለጠነው የዌብስተርን ስም በያዘ የኪስ መዝገበ ቃላት ነው። ስለዚህ የሊያንግ ዘዴ ለአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲሠራ ሃሳቡ አሁንም የዚያ የኮነቲከት መምህር ነው። ለብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ዝርዝር መዘጋጀት ነበረበት። ክርክሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶም አልታረቀም ማለት ነው!

ጳጳሱና ቴሌስኮፑ ወንድማማቾች ናቸው

እስቲ ከዌብስተር ምሳሌዎች አንዷን እንያዛት፤ «ቢሾፕ»ን። እዚህ ላይ ነው እኛ ከወንበራችን የተነሳነው።

በግሪክኛ «ስኮፖስ» ማለት የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከዚህ ሥር የወጡት ልጆች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1611 ሮም ውስጥ ለጋሊሊዮ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ጆቫኒ ዴሚሲያኒ የተባለ ግሪካዊ ምሁር ለአዲሱ መሣሪያ «ቴሌስኮፕ» የሚል ስም አወጣ፤ «ቴሌ» ሩቅ፣ «ስኮፕ» ማየት። እ.ኤ.አ. በ1625 ጆቫኒ ፋበር ትንንሽ ነገር ለሚያሳየው መሣሪያ «ማይክሮስኮፕ» አለ፤ «ሚክሮስ» ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙ ረኔ ላዬኔክ የታካሚውን ልብ ለማዳመጥ ወረቀት ጠቅልሎ የጀመረው መሣሪያ «ስቴቶስኮፕ» ተባለ፤ «ስቴቶስ» ደረት ነው። (አዎ፣ የሚያዳምጡበትን መሣሪያ «ደረት ማያ» ብለው ሰየሙት። ዶክተሮችን ጠይቁ።) በየመጽሔቱ ጀርባ የምናነበው «ሆሮስኮፕ» እንኳን ሰዓት ተመልካች ነው።

ከነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ወንድማቸው ደግሞ «ኤፒስኮፖስ» ነው። «ኤፒ» በላይ ነው፤ እንግዲህ «ኤፒ-ስኮፖስ» ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ መንጋውን የሚጠብቅ ማለት ነው። ቃሉ ከግሪክኛ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ሲወርድ የፊቱን «ኤ» ጣለ፤ «ፐ»ን ወደ «በ»፣ «ስክ»ን ወደ «ሽ» ለወጠ። የተረፈው «ቢሾፕ» ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ የተሳቀበት የድሮው «ቢ-ሾፕ» የት ላይ ነው የቆረጠው? «ቢ» የ«ኤፒ» ትርፍራፊ ነው፤ «ሾፕ» ደግሞ የ«ስኮፕ»። መቁረጫው በትክክል በግሪኩ መጋጠሚያ ላይ አርፏል! የላቲኑን ሕግ የሚከተሉት መምህራን ይህን ሥር ፈልገው ሳይሆን በአጋጣሚ ነው ያገኙት። ዌብስተር «ቢሽ-ኦፕ» ሲል ግን ከ«ስኮፕ» ላይ ፊቱን ቆርጦ ለ«ኤፒ» ሰጠ። ለልጁ ንባብ ትክክል ነበር፤ ለሥሩ ግን አልራራም።

ወደ ቤታችን

ይህንን ስናወራ ከመካከላችን አንዱ፣ ልጅነቱን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሳለፈው፣ ድንገት ዝም አለ። ከዚያ ወረቀት አንስቶ «ኤጲስ ቆጶስ» ብሎ ጻፈ። በሁለት ቃል።

ሁላችንም ያንን ስም ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። በሁለት ቃል ተጽፎ አይተነዋል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 ላይ ብትከፍቱ እንዲሁ ለሁለት ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። «ኤጲስ» ምንድነው? «ቆጶስ»ስ? ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። አሁን ግን ፊት ለፊታችን ነበር። ግሪኩ «ኤፒ-ስኮፖስ» ነው፤ የኛው «ኤጲስ-ቆጶስ»። «ስ» ከኋለኛው ቤት ወጥታ የፊተኛው ቤት ገብታለች። ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ያደረገውን የኛ ሰዎች እንግሊዝኛ ገና ሳይጻፍበት በነበረ ዘመን በጀመረ ታሪክ ውስጥ አድርገውታል!

ቃሉ የመጣበት በር ይታወቃል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ለግሪክኛ ባዳ አልነበረችም። ነገሥታቱ በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ያስቀርጹ ነበር፤ ንጉሥ ኢዛናም ድሉን በድንጋይ ላይ ያስጻፈው በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ነው። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንለው፣ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሾሞ የተመለሰው በዚያው ዘመን ነው። የእስክንድርያ ሊቃውንት የሚጽፉት በግሪክኛ ነበር። መጻሕፍቱ ወደ ግዕዝ ሲተረጎሙ ስሞቹና ማዕረጎቹ እንደነበሩ ተከትለው ገቡ።

እንደነበሩ ስንል ግን የግዕዝ ልብስ ለብሰው ነው። የግሪኩ «ፐ» ወደ «ጰ»፣ «ከ» ወደ «ቀ»፣ «ተ» ወደ «ጠ» ይዞራል። ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፣ ጰራቅሊጦስን አስታውሱ፤ «ጰ» የምትባለው ፊደል በአብዛኛው የምትታየው ከግሪክ በመጡ ቃላት ላይ ነው። «ስኮፖስ»ም «ስቆጶስ» ሊሆን ነበር። ችግሩ አፋችን ነው። የኛ አፍ ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ ቃል ሲጀምር አይወድም። «ስፖርት» የሚለውን አያቶቻችን «እስፖርት» የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ስ» ብቻዋን «ቆ» ላይ መንጠልጠል ሲያቅታት ከፊቷ ያለውን አናባቢ ተደገፈች፤ ኤ-ጲስ-ቆ-ጶስ። ጸሐፊው ደግሞ ጆሮው የሰማውን ለሁለት ከፍሎ አሰፈረው። ዛሬም ቢሆን «ቴሌስኮፕ»ን ጮክ ብላችሁ በሉት፤ «ቴ-ሌስ-ኮፕ» ነው የሚወጣችሁ። የአክሱም ልጆች ናችሁ!

ለነገሩ ቃል መቁረጥ ለኛ ሕግ ሆኖ አያውቅም። ፊደላችን ገና ሲጻፍ ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት። በብራና መጻሕፍት መስመሩ ሲሞላ ጸሐፊው ቃሉን የትኛውም ፊደል ላይ ይተወዋል፤ ጭረት አያደርግም፤ ቀሪውን በሚቀጥለው መስመር ይጀምራል። ቃሉ ማለቁን የሚነግረን ሁለቱ ነጥብ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስንማር «ክፍለ ቃሉን ለዩ» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ግራ ቢገባን አይፈረድብንም።

የተሳሳተ መቁረጫ ሲወልድ

ጓደኛችን እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም ተሳስቷል ማለት ነው?» አለች። ለመልሱ አንድ ሌላ ቃል እናምጣ።

«ሄሊኮፕተር» እንዴት ይከፈላል? ሁላችንም «ሄሊ-ኮፕተር» እንላለን። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፖንቶን ዳሜኩር እ.ኤ.አ. በ1861 ቃሉን ሲሠራው ግን «ሄሊኮ-ፕተር» ነበር። «ሄሊክስ» ጥምዝ ነው፤ የዲኤንኤን ድርብ ጥምዝ በምንጠራበት ስም ውስጥ ያለው እሱ ነው። «ፕቴሮን» ደግሞ ክንፍ፤ «ፕቴሮዳክቲል» የተባለው የጥንት በራሪ እንስሳ ስም ውስጥ ያለው። ጥምዝ ክንፍ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ፕተ» ብሎ መጀመር ስለማይሆንለት መጋጠሚያውን አንሸራተተው፤ «ሄሊ» እና «ኮፕተር» የሚባሉ፣ ግሪክ ያልወለዳቸው ሁለት ቁራጮች ተፈጠሩ።

ቁራጮቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። «ሄሊ» ሄዶ «ሄሊፖርት»ን ወለደ፤ «ኮፕተር» ደግሞ አራት ማራገቢያ ያላትን ድሮን «ኳድኮፕተር» አስባለ። የጥንት ግሪካዊ ተነስቶ «ሄሊፖርት» ቢሰማ «ሄሊዮስ» ፀሐይ ስለሆነ የፀሐይ ወደብ ሳይመስለው አይቀርም። ግን ማንም ሰው ሄሊፖርት ላይ ፀሐይ ስትወርድ ጠብቆ አያውቅም። ቃሉ ይሠራል። አፍ ቆርጦታል፣ ሕዝብ ተጠቅሞበታል፣ አለቀ። ግሪኮች ራሳቸው ዛሬ «ኤሊኮፕቴሮ» ይሉታል፤ በነሱ አፍ ግን «ፕተ» አንድ ላይ መቆም ስለሚችል መጋጠሚያው ሳይነካ ቀርቷል።

«ኤጲስ ቆጶስ»ም እንዲሁ ነው። ስህተት ነው ብለን ልናርመው አይገባም፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተጸለየበትን ቃል ማን ያርመዋል? ቃሉ ወደኛ ቤት ሲገባ የገባበት በር ጠባብ እንደነበር የሚያሳይ ጠባሳ ነው። «ወንጌል» ደግሞ ከዚህም አልፏል፤ «ኤው» (መልካም) እና «አንጌሊያ» (መልእክት) ተዋሕደው መጋጠሚያቸው ጭራሽ ጠፍቷል። ዛሬ ወንጌል የግሪክ ቃል ነው ብትሉ የሚገረም አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ስለሆንን ነው። «ፎቶሲንተሲስ»ን አስታውሱ። ስንቶቻችን ነን እንደ ስልክ ቁጥር የሸመደድነው? አንድም ቀን «ፎቶ»ው የፎቶ ቤቱ ፎቶ ነው፣ ብርሃን ነው ያለን አልነበረም። «ሲንተሲስ» ውስጥ ያለው «ሲን» አብሮ ማለት እንደሆነ፣ ይኸው «ሲን» «ሲኖዶስ» ውስጥ እንደተቀመጠ (ሲን እና ሆዶስ፣ አብሮ እና መንገድ) የነገረን አልነበረም። አያቱ ጋ ሆኖ «ሲኖዶስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ የቃሉን ቁራጭ ይዞት ነበር ክፍል የገባው። በእጁ እንዳለ ግን ሳያውቅ ሸመደደ፣ ተፈተነ፣ ረሳ። እኛም ከነዚያ ልጆች መካከል ነን።

ስለዚህ የደረስንበትን እንንገራችሁ። ቃሉን ለመረዳት ስትፈልጉ በሥሩ ቁረጡት፤ ለመናገር ስትፈልጉ አፍ በሚቆርጥበት ቁረጡት። አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን በሚያውቀው ላይ የሚስቅበት ምክንያት የለም። ፈታኙ ትክክል ነበር፤ እንግሊዝኛ ዜና አንባቢ «ፈቶግረፊ» ማለት አለባት። ጓደኛችንም ያቆመችው ቃሉ በተጋጠመበት ላይ ነበር። ትክክል ያልነበረው ሳቁ ብቻ ነው፤ የኛው ሳቅ ጭምር።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ፈተና አላት። «ፈቶግረፊ»ን እየተለማመደች ነው፤ «ቶ» ላይ ረግጣ፣ «ግራ»ን አደብዝዛ፣ ልክ እንደነሱ። ትናንት ማታ ደውላ «ዲሞክራሲንስ የት ላይ ነው የምረግጠው?» ብላ ጠየቀችን። ሦስታችን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠናት።